ሁለት ኮምፒዩተር በአንድ ስፒከር

ከሰው ጋር ተጋርተው የገዙት ዕቃ ሁሉ የጠብ ቀብድ ነው! አትከራከሩኝ... በዚህ ጉዳይ ጥርሴን ነቅያለሁ፤ የቀሩኝ ደግሞ ጥቂት ናቸውና በውሸት አላባክናቸውም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ፒያሳ አንዲት ክፍል ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ሆኛለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ! እኩዮቼ መቁጠሪያ ሲቆጥሩ እኔ ሙሽራ ቆርጬ እቀጥላለሁ። ክፍሏን የምጋራው ከማርቆስ ጋር ነው፤ እሱ የፕሮቴስታንት መዘምራንን መዝሙር በሲዲ ያባዛል። ሁለት ኮምፒዩተር አለን። ስፒከር ግን በጋራ የገዛናት አንዲት ጥንድ ብቻ!

መጀመሪያ ገመዷን በተራ ነበር የምንሰካው። መብራቱ በፈረቃ፣ ስፒከሩም በፈረቃ! እሱ ሲነቅል እኔ ሳጉረመርም፣ እኔ ስነቅል እሱ ሲያጉረመርም ከረምን። ኋላ ሁለቱንም ኮምፒዩተር ከስፒከሯ ጋር የምታገናኝ መንታ ገመድ ገዛንና ተገላገልን... አልን። ለካስ ሁለታችንም ከከፈትን የሁለታችንም ድምፅ ተደባልቆ ይወጣል፤ መዝሙር ከእስክስታ ጋር! ስለዚህ ሕግ አወጣን፦ አንዱ ደንበኛ ሲመጣበት ሌላው የራሱን ድምፅ ያጠፋል።

ሕጉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ያፈረሰውስ? ቆዩኝማ።

አንድ ጠዋት ሦስት የመዘምራን ኃላፊዎች መጡ። ማርቆስ እነሱን ሲጠብቅ ሳምንታት አልፈዋል። ያዘጋጀውን ናሙና ሰምተው ከወደዱት የዓመቱን ሥራ በሙሉ ለእሱ ሊሰጡት፣ ካልወደዱት ሌላ ጋ ሊሄዱ ነው።

«ጋሼ፣ አደራዎን...» አለኝ በጆሮዬ።

«እኔን? ድንጋይ በለኝ!» አልኩት።

የእህቴን ልጅ ሠርግ እያቀናበርኩ ነበር። ሙሽሮቹ ሐይቅ ዳር በዝምታ የሚንሸራሸሩበት ቦታ ላይ ነኝ። ምስሉን ከስክሪኑ ላይ ዝቅ አድርጌ ሸሸግሁትና እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ያልታየ ነገር ይሰማል ብሎ ማን ያስባል?

መዝሙሩ ተጀመረ። ከኃላፊዎቹ ትልቁ አቶ ዳንጊሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማርቆስ ፊቱ በራ። ዘማሪዎቹ ትንፋሽ ሊወስዱ ዝግ ሲሉ...

«እስቲ ጠጅ ድገሙኝ!» አለ ስፒከሩ።

አቶ ዳንጊሶ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ይሄ ወፍራም ድምፅ የማነው?»

ወዳጆቼ፣ የእኔ ነበር! ሙሽሮቹ ሽርሽራቸውን ጨርሰው ድንኳን ገብተዋል፤ እኔም እዚያው ቪዲዮው ውስጥ ማይክ ጨብጫለሁ። አሁን ተነሥቼ ይቅርታ ብል ድምፄ ያስይዘኛል።

«አባት፣ እርስዎም ሰሙት?» አሉኝ ሁለተኛው ኃላፊ።

ጉሮሮዬን ይዤ እንደታመመ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ስፒከሩ ግን ጤነኛ ነበር።

«ዘመዶቼ! ይሄ ማርቆስ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ...»

የሚቀጥለውን አውቀዋለኋ! ዘለልኩ... ዘለልኩ ስል፣ ከወገቤ በላይ ያለው ብቻ ነው የዘለለው። የስፒከሯን መቆጣጠሪያ ያዝኩና በድንጋጤ ወደ ቀኝ አዞርኳት። ዝቅ የሚለው ለካ ወደ ግራ ነው!

«...ስስታም ነው! የራሱን ስፒከር ላለመግዛት ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔ ተንጠልጥሏል!»

ፒያሳ ሰማ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን መርገጥ አቆመ። (እኔም በማርቆስ መንጠልጠሌን ጠጁ አላስታወሰኝም።) ማርቆስ ተስፈንጥሮ ኮምፒዩተሬን ከሶኬቱ ነቀለው።

«ጠጁ ነው...» አልኩ በገዛ ድምፄ።

ሦስቱም እኩል ዞሩብኝ። አቶ ዳንጊሶ ትክ ብለው አዩኝ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው!

«ወንድም ማርቆስ፣ መዝሙሩን ወደነዋል። ሥራው ያንተ ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሲዲው ላይ ግን እኚህን አባት አውጣልን። ደግሞ የራስህን ስፒከር ግዛ።»

ማርቆስ በማግስቱ ገዛ። ሦስት ቀን አንገቴን ደፍቼ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋኝ።

«ጋሼ፣ ያቺን ንግግርዎን በሲዲ ይቅዱልኝ።»

«ልትከሰኝ ነው?»

«ለባለቤቴ ነው። ‹ስፒከር እያላችሁ ሌላ ለምን ገዛህ?› ብላ ይዛኛለች። እርስዎ ያስረዱልኝ።»

እፎይ አልኩ። «በል እሺ... ጠጅ ድገሙኝ ያልኩባትን ልቁረጣት?»

«ኧረ እንዳይቆርጧት ጋሼ! ያለ ጠጁ እኮ ባለቤቴ እውነትዎን መሆኑን አታምንም።»