የቤት ስልክና ኢንተርኔት በአንድ ላይ
ሂሳብ ሳያሰላ እግሩን የማያነሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቡራዩ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ኦቦ ገመቹ እንዲህ ናቸው። የቤት ስልካቸውን ከኢንተርኔት ጋር ላጣምረው ወይስ ይቅርብኝ ሲሉ ሦስት ወር ፈጁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ እዚህ ሰፈር ስንት ቤት ተሠርቶ ስንቱ ፈርሷል። እኔ አዋቂው ወረቀት ላይ ደምሬ ቀንሼ፣ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ እንደሚረክሱ አሳየኋቸውና ቴሌ ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ።

ሊፈርሙ እስክሪብቶ እንዳነሱ ሠራተኛዋ፣ "አባባ፣ መስመሩ አዲስ ስለሆነ ቁጥርዎ ይቀየራል" አለቻቸው። እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡ።

መንገድ ላይ፣ "ለቁጥር ብለው ነው ይህን ሁሉ ቅናሽ የሚተዉት?" አልኳቸው እየሳቅኩ።

"ልጃችን ቶላ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ ሲወሰድ ሞባይሉን ቀሙት" አሉኝ። "የት እንዳለ እስካሁን አላወቅንም። በቃሉ የሚያውቀው የቤቱን ቁጥር ብቻ ነው።"

ወረቀቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከእሳቸው የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ነው። አሁን ስልካቸው ሲጮህ እኔም የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። እስካሁን የደወለው ሁሉ ቁጥር የተሳሳተበት ሰው ነው። ኦቦ ገመቹ ግን እሱንም "ገለቶሚ" ብለው አመስግነው ነው የሚዘጉት።