የዋንዳ ሱቅ የሕግ ሊቅ

በኬንታኪ ገጠር የሕግ ሊቅ የሌለው የጠመንጃ መሸጫ አላየሁም። ጥይት ሊያልቅ ይችላል፣ ሊቅ ግን አያልቅም። የእኛው፣ የዋንዳ ሱቅ ባለወንበር፣ ክቡር ዴልበርት ስካግስ ናቸው። አርባ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ የሕግ ትምህርት ቤት የገቡት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ሽንት ቤቱን ሊጠግኑ።

ክቡርነታቸውን ለማስነሳት አንድ የተሳሳተ ቃል ይበቃል። ደንበኛ ስለ ጠመንጃ ሕግ የሰማውን ወሬ ከተነፈሰ አለቀለት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "አንቀጹን አንብበኸዋል?" ይሉታል። ጥይት ሊገዛ ጎራ ያለ አንድ ሙሽራ ሠርጉ ላይ የደረሰው ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ነው ይባላል፤ እኔ አምናለሁ።

የሚወዱት ክርክር ግን ባምፕ ስቶክ ነበር። ይህ የፕላስቲክ ሰደፍ ጠመንጃው በራሱ ምት ወደ ኋላና ወደ ፊት እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ ቃታው ከጣት ጋር እየተመላለሰ ሲጋጭ ተኩሱ ይንጣጣል። ላስ ቬጋስ ላይ አንድ ሰው በዚህ እየተኮሰ ያን ሁሉ ሰው ከፈጀ በኋላ መንግሥት መትረየስ ነው ብሎ ከለከለው። ክቡርነታቸው ለሟቾቹ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ከዚያ መልሰው አጥልቀው ክርክሩን ቀጠሉ፦ መትረየስ ማለት ቃታው አንዴ ተስቦ ብዙ የሚተኩስ ነው፣ በዚህኛው ግን ለእያንዳንዱ ጥይት ቃታው ይሳባል።

ዘጠና ቀን ተሰጠን፤ ወይ አስረክቡ፣ ወይ አጥፉ። እኛም በእሳቸው ክርክር ልባችን አብጦ ሰደፎቻችንን የትምባሆ ጎተራ ውስጥ ሸሸግን። በመጨረሻው ሳምንት ክቡርነታቸው መጋዝ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ።

"አምጣው" አሉኝ።

"ደንቡ ስህተት ነው ሲሉ አልነበረም እንዴ?"

"ስህተት ነው። እስኪሻር ድረስ ግን ደንብ ነው። አንተ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለህ፤ በዚህ ከተፈረደብህ መሪውን ሁለተኛ አትይዘውም።"

ደንቡ በሚያዘው መሠረት በማስመሪያ ለክተው ቆራረጡት። የእኔን ጨምሮ ስድስት ቤት እንዲሁ ዞሩ፣ ቁርጥራጩንም ይዘው ሄዱ። የራሳቸውን መቼ እንደቆረጡ ስጠይቃቸው ለካ ኖሯቸው አያውቅም። የተኩስ ድምፅ ራሳቸውን ያሳምማቸዋል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንቡን ሻረ። ምክንያቱ ክቡርነታቸው ወንበሩ ላይ ሆነው ሲሉት የኖሩት ነው። የሱቁ ሰው ግን እንኳን ሊያመሰግናቸው ተነሳባቸው። ደብቀነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእጃችን ነበር ተባለ፣ አዋቂው ናቸው የቆራረጡብን ተባለ። አፍሬ ነው የምናገረው፣ እኔም አብሬ አጉረመረምኩ። ከማግስቱ ጀምሮ ወንበሩ ሦስት ሳምንት ባዶ ሆነ። ዋንዳ ማንም እንዳይቀመጥበት የጥይት ካርቶን አስቀመጠችበት።

አላስችል ሲለኝ ቤታቸው ሄድኩ። ጋራዥ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ስድስት የጫማ ሳጥኖች ነበሩ፤ በየሳጥኑ ላይ የየአንዳንዳችን ስም ተጽፏል። የእኔን ሳጥን ሰጡኝ። የሰደፌ ቁርጥራጮች ነበሩ፣ አንድም አልጎደለ።

"እንደማይጣበቅ አውቃለሁ" አሉ። "ግን ንብረትህ ነው። ላመጣላችሁ ነበር፤ በምን ፊቴ እንደምገባ ጠፋኝ።"

ይቅርታ በአፍ መጠየቅ አልችልበትም። የማውቀው ሌላ መንገድ አንድ ብቻ ነበር።

"ለማንኛውም አሁን በሁሉም ስቴት ተፈቅዷል አይደል?"

መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጣ። "ማን ነው ያለው? የተሻረው የፌዴራሉ ደንብ ነው፤ የየስቴቱ ሕግ የት ይሄዳል? አንቀጹን አንብበኸዋል?"

"አላነበብኩም። ሱቅ ያሉትም አላነበቡም።"

ኮፍያቸውን አነሱ። ልባቸው እስኪረካ እንዲያስረዱኝ ብዬ ወደ ሱቁ በረጅሙ መንገድ ነዳሁ። ስንገባ ዋንዳ ካርቶኑን ከወንበሩ አነሳች። በዚያ ቀን ስለ ሕግ አራት የተሳሳተ ነገር ተናግሬያለሁ፤ አራቱንም አውቄ።