ሐይቅ የገባለት ሰፈር

ሐይቅ ሲቆፈር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም ከማድቤቴ መስኮት፣ ሽንኩርት እየላጥኩ። ሌላ ሰፈር መብራት ገባ፣ ውሃ ገባ፣ አስፋልት ገባ ይባላል። እኛ ሰፈር የገባው ሐይቅ ነው።

ሰፈሬ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው፣ ኦፕፊኮን ይባላል። ከአዲስ አበባ ተሰድደን ስንመጣ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፋብሪካ ገባ፤ እኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆንኩ። የተከራየነው ቤት አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ከፊታችን እስከ ዙሪክ ጫፍ ድረስ ባዶ ሜዳ፤ ረግረግ፣ ሣርና ጭጋግ ብቻ። «አውሮፕላን አናቱ ላይ እየጮኸበት እዚህ ማን ይኖራል?» ይል ነበር ባለቤቴ። እኛ እየኖርን መሆኑ ትዝ አይለውም።

አንድ ቀን ቆፋሪ ማሽኖች መጡ። ባለቤቴ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ነው አለኝ። ጉድጓዱ ሲረዝም፣ ቧንቧው ረጅም ነው አለ። ጉድጓዱ ጢም ብሎ ውሃ ሲሞላና ዳክዬ ሲዋኝበት ግን ስለ ቧንቧው ማንሳት ተወ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው? በሐይቁ ዳር ባለ መስታወት ፎቅ፣ ከፎቁ ሥር ቢሮ፣ ከቢሮው ፊት ትራም። የቤተ ክርስቲያናችን ሙሽሮች ሳይቀሩ ለፎቶ መምጣት ጀመሩ። እኔም ኮራሁና አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቼ «አሁንማ የምኖረው ባሕር ዳር ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው። መቼ ነው አገሯ የገባችው? ለምን ጎጃም ሄደች? ተባብለው ተቀየሙኝ።

ያልኮሩት ጎረቤቴ ፍራው ማየር፣ በኛ ወይዘሮ ማየር፣ ብቻ ናቸው። ከኛ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ኦፕፊኮን መንደር ሳለች እዚያው ተወለዱ፤ አባታቸው በዚያ ሜዳ ላም ያሰማሩ ነበር። ሐይቁን «ገንዳው» ነው የሚሉት። አጠገቡ ቁጭ ብለው ዳቦ እየበሉ እንኳ ገንዳው ይሉታል።

ባለቤቴ ካረፈ፣ እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። አንድ ጠዋት ስነሳ ግቢያችን ውስጥ ቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች ተተክለዋል። ከጣሪያችን በላይ ያልፋሉ። የስልክ አንቴና ይሆናል ብዬ ፍራው ማየርን ልጠይቅ ወረድኩ። አበባ ያጠጣሉ። ለካ በዚህ አገር ቤት ከመሠራቱ በፊት ቁመቱ እስከምን እንደሚደርስ ጎረቤት እንዲያየው ምሰሶ ይተከላል።

«የሚመጣው ቤት ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እኛ ስንወጣ።»

ፎቃችን ሊፈርስ ነው ማለታቸው ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር የልቀቁ ደብዳቤ ይመስለኝ ጀመር። የበር ደወል ሲጮህ በቀዳዳው አጮልቄ ሳላይ አልከፍትም። ፖስተኛው ፈገግ ካለልኝ፣ ምን አውቆ ነው? እላለሁ። አስቡት እስቲ፦ ጡረተኛ፣ ብቸኛ፣ ስሟን ሁለት ጊዜ ካልደገመችላቸው የማይሰሟትን ሴት ማን ያከራያታል? አንድ ቤት ልይ ብዬ ሄድኩ። ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ ሁሉም ጎረምሳ፣ ሁሉም ደመወዝተኛ። አከራዩ ልጅ እኔን ሲያይ ለጽዳት የመጣሁ መስሎት የመጥረጊያውን ቁም ሳጥን አሳየኝ። በትሕትና ነው ያሳየኝ፣ አልዋሽም።

ሲጨንቀኝ ባቡር ይዤ ጄኔቭ ወረድኩ። የአክስቴ ልጅ ሰናይት እዚያ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። ቅዳሜ ነበር፤ ፕላንፓሌ ሜዳ ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት መሀል እየተዘዋወርን የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ስለ ምሰሶው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ መጥረጊያው። እሷ አንድ አሮጌ የሻይ ጀበና አንስታ ክዳኑን እየከፈተች ትዘጋለች። ሰናይት የምታድረው ከአሠሪዎቿ ልብስ ማጠቢያ አጠገብ ባለች ክፍል ነው። መኖሪያ ፈቃዷ ከሥራዋ ጋር የተሰፋ ነው፤ ሰዎቹ ወደ ሌላ አገር ከተዛወሩ ቶሎ ሌላ ዲፕሎማት ካላገኘች እሷም መውጣቷ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ጭንቀት ሲይዛችሁ የምታውቁት ትዝ ይላችኋል?

«አንቺኮ» አለችኝ ጀበናውን መልሳ እያስቀመጠች፣ «ቢያንስ የሚፈርስ ቤት አለሽ።»

ልትነካኝ ብላ አይደለም፤ ወዲያው ሳቀችና ምሳ እንብላ አለችኝ። እኔ ግን የድርሻዬን ወደ እሷ ሳህን ገፋሁት። ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ጭንቀቴ አልለቀቀኝም፤ ማማረሩን ግን ተውኩት።

ቤት እንደገባሁ ፍራው ማየርን አንኳኳሁ። ለካ እሳቸውም እንደኔው ምግብ አስጠልቷቸው ከርሟል። መጀመሪያ የፈረሰብኝ የአባቴ በረት ነበር አሉኝ፤ ይህን ፎቅ ለመሥራት ነው ያፈረሱት፤ ያኔ አልቅሼ ነበር፣ በኋላ ግን እዚሁ ተከራየሁ አሉ። አዲሱንስ አንከራይም ወይ ብላቸው፣ እሱን ኪሳችንን ጠይቂው፣ ኪራዩን አይችለውም አሉኝ። ከዚያ አብረን ልንፈልግ ተስማማን። እሳቸው በአገሩ ቋንቋ ስልክ ይደውላሉ፤ ጉልበታቸው አይችልምና ደረጃውን እኔ እወጣለሁ። ስንት በር ተዘጋብን! በመጨረሻ ጎረቤት ከተማ ዲቤንዶርፍ፣ አዲስ ከተሠራ ሕንፃ ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ኪሳችን የቻላቸው ሁለት ትንንሽ ቤቶች አገኘን።

የገባን ቀን ካርቶን ስናወርድ አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ያዩናል። የሰፈሩ ተወላጅ ናቸው። ይህ ሕንፃ የቆመው የፖም ዛፎቻቸው በነበሩበት ቦታ ላይ መሆኑን ነገሩን። ከዚያ ወደ ፍራው ማየር ዞረው ከየት እንደመጡ ጠየቋቸው።

«ከኦፕፊኮን» አሉ ፍራው ማየር ቀና ብለው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሰፈሩን የውጭ ሰው ሞላው» ብለው ተነስተው ሄዱ።

ኦፕፊኮን ማለት በዲቤንዶርፍ የሚያልፈውን ወንዝ ይዞ ትንሽ ወረድ ቢሉ የሚገኝ ነው እኮ። ፍራው ማየር ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ካርቶን ላይ ቁጭ አሉና «እኔ? የውጭ ሰው?» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ።

«አይዞዎት» አልኳቸው፣ «ይለመዳል።»