ሚስተር ታንስሊ መዘውር አይተው ዝም አይሉም

ወንዝ ባለበት ሁሉ ዓሣ አጥማጅ አለ፤ ዓሣ አጥማጅ ባለበት ሁሉ ውሸት አለ፤ ውሸት ባለበት ደግሞ ያችን ውሸት የማያሳልፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰውየው ክፉ አይደለም። ጎረቤት ሲታመም ሾርባ ይወስዳል፣ አጥር ሲወድቅ ሳይጠሩት መዶሻ ይዞ ይመጣል። ብቻ አንድ ሰው «ይሄ የአያቴ ነበር» ሲል ከሰማ ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስል ይቁነጠነጣል። እስኪተፋው ዕረፍት የለውም።

በእንግሊዝ አገር፣ በትሬንት ወንዝ ዳር ይህን ሹመት ይዘው የኖሩት ክቡር ሚስተር ሆራስ ታንስሊ ነበሩ። ከባቡር ጣቢያ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ነባር አባል፣ በገዛ ፈቃዳቸው ደግሞ የአሮጌ መዘውሮች ሁሉ ዳኛ። መዘውር ለሌላው ሰው ዘንግ ላይ የሚታሰር፣ የመንጠቆው ክር የሚጠቀለልበት ዕቃ ነው። ለሚስተር ታንስሊ ግን ዕድሜውን የሚደብቅ ተከሳሽ ነው። በእጃቸው ከገባ መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባው ላይ እንጨቱን ያጠነከረውን የነሐስ ኮከብ ያያሉ። ብሎኑ በእጅ የተሞረደ ይሁን በማሽን የተቆረጠ በጥፍራቸው ይዳስሳሉ። መያዣው ቀንድ ይሁን የዝሆን ጥርስ፣ ወይስ ያ «የተረገመ ባክላይት» የሚሉት ፕላስቲክ፣ በከንፈራቸው ነክተው ይለያሉ። በመጨረሻ ጆሯቸው ሥር አድርገው ያሽከረክሩትና ቀጭ ቀጭ የሚለውን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ ቀና ብለው ያችኑ ቃል ይናገራሉ።

«አዝናለሁ ወዳጄ፤ ዕቃው ሌላ ነው የሚለው።»

ሲያዝኑ ግን ታይተው አያውቁም። የምታዝነው፣ የምታፍረውም ሚስታቸው ሙሪየል ነበረች።

ሙሪየል ለማፈር የተፈጠረች ሴት አልነበረችም፤ ትዳር ነው ያስተማራት። አንድ የሠርግ ቀን የሙሽራይቱ አባት ለአማቻቸው መዘውር ሲሸልሙ «ከቅድመ አያቴ የወረደ» አሉ። ሚስተር ታንስሊ ጭብጨባው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቁም፤ «ቅድመ አያታቸው በሞቱ በሃያ ዓመታቸው ነው የገዙት ማለት ነው» ብለው ሹክ አሉ። የሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ ባቡር ጣቢያ ያደገ ሹክሹክታ ነው፤ ከወዲያኛው መድረክ ይሰማል። የሰፈሩ መጠጥ ቤት ባለቤት ግድግዳ ላይ «የመስፍኑ መዘውር» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ አንድ ዕቃ ሰቅሎ ነበር። ሚስተር ታንስሊ በርጩማ ላይ ወጥተው፣ ብሎን መፍቻ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሆዱን ከፍተው አዩት። መስፍኑ በዚያው ቀን ከግድግዳ ወረዱ።

ሙሪየል እንዲህ ባለ ጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ የማይገኝ ነገር ትፈልጋለች። ኋላ ኋላ ግን ራስ ምታቷን እንደ ጃንጥላ ይዛ ትወጣ ጀመር፤ ሰማዩ ሲጠቁር ወዲያው ትዘረጋዋለች። «ሆራስ፣ ራሴን አሞኛል፣ ቤት እንሂድ።» አበሻም እንግሊዝም ያው ነው፣ ባል ይህን ሲሰማ ኮቱን ያነሳል።

በሲሪል ኦልድኖው ቀብር ቀን ግን ራስ ምታቱ ሳይዘረጋ ዶፉ ወረደ።

ሲሪል በዚያ ወንዝ ዳር ሁሉ የሚወደድ ሰው ነበር። ወሬው ጣፋጭ፣ ሳቁ ቅርብ። ከወሬው ሁሉ ደግሞ የሚታወቀው ስለ አያቱ መዘውር የሚያወራው ነው፤ አያትየው በዚያች የዋልነት እንጨት መዘውር በጎርፍ ቀን የጎተቱት ዓሣ በየዓመቱ አንድ አንድ ስንዝር ይጨምር ነበር። እህቱ ግላዲስ «ከመዘውሯ ጋር ነው የሚቀበረው» ብላ ስላስወሰነች፣ መዘውሯ በቤተ ክርስቲያኑ መሐል፣ የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ላይ፣ ከአበባው አጠገብ ተቀምጣለች።

ሰው በተራ እየቀረበ ሣጥኑን በእጁ ነክቶ ያልፋል። ሚስተር ታንስሊ ተራቸው ደረሰ። ባርኔጣቸውን በደረታቸው ይዘው፣ ከልባቸው አዝነው ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ማለታቸው ነው ጉድ ያመጣው፤ ኮከቡ ዓይናቸው ሥር ገባ። ሙሪየል ከኋላቸው ቆማ ትከሻቸው ሲነቃ አየች። እጃቸው ሲዘረጋ አየች። ኮታቸውን ያዘች፤ ዘገየች።

«ውይ ሲሪል» አሉ ሚስተር ታንስሊ፣ በዚያ ባቡር ጣቢያ ባደገ ሹክሹክታ። «ይሄ እኮ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው። አያትህ መቼ ነክተውት!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት ወደ ሳል ለወጠው። ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡ፣ መልሰው ዘጉ። ግላዲስ አፏን በመሐረብ ያዘች። የሟች ሚስት አይቪ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ሚስተር ታንስሊን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ሙሪየልን አየቻት። ሙሪየል መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ከቀብር በኋላ ለሚቀርበው ሻይና የአሳማ ሥጋ አልቆዩም። በወንዙ ዳር መንገድ ወደ ቤት ሲሄዱ ሚስተር ታንስሊ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውሸት ተናገርኩ?» አሉ በመጨረሻ።

«እውነት ነው የተናገርከው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ያፈርኩት ለዚያ ነው!» አለች ሙሪየል ቆማ። «ውሸታም ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ውሸታም ባል ያላት ሴት ሰው ያዝንላታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አንተ ግን ማደር አታውቅም! ሰውየው አፈር እስኪለብስ እንኳ?»

ሚስተር ታንስሊ አንገታቸውን ደፉ። ሙሪየል ይህን ስታይ ደስ ይለኛል ብላ አስባ ነበር፤ ደስ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ፈረደባቸው። ወንዝ ዳር ሲያልፉ አጥማጆቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው መዘውራቸው ላይ ይደፉ ጀመር። መጀመሪያ ሰላምታ መስሏቸው እሳቸውም ባርኔጣቸውን ያነሱ ነበር። ነገሩ የገባቸው ቀን ግን ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ብዙ ተቀመጡ። የገዛ መዘውሮቻቸውንም ዘይት መቀባት ተዉ። ሙሪየል ጓሮ ካለችው የዕቃ ቤታቸው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲጠፋ መጀመሪያ ተገላገልኩ አለች፤ ቀጥሎ ቤቱ ሰው የወጣበት መሰላት።

የባሰው ከሥጋ ቤት መጣ። ግላዲስ ሙሪየልን ሰልፍ ላይ አግኝታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ ባዶ እጁን ነው የተቀበረው። የባልሽን ቃል ስትሰማ አይቪ መዘውሯን ከሣጥኑ ላይ አነሳቻት። ለሊቁ ባልሽ ንገሪልኝ» አለቻት። ሙሪየል የገዛችውን ቋሊማ ረስታ ወጣች። ነገሩን ማታ ራት ላይ ለሚስተር ታንስሊ ነገረቻቸው፤ መናገሯን የተጸጸተችው ማንኪያቸውን ሲያስቀምጡ ነው።

«ነገ አይቪ ጋ እንሂድ» አሉ። «አብረሽኝ ነይ። ብቻዬን በሩን ማንኳኳት አልችልም።»

አይቪ በሩን ከፍታ አየቻቸው። «ግቡ እንጂ ዳክዬዎቼ፣ ብርዱን ቤቴ አታስገቡት» አለች፤ የትሬንት ዳር ሴት ሰው ስትቆጣም ስትወድም ዳክዬዬ ስለምትል ከዚህ ምንም ማወቅ አልተቻለም። መዘውሯ ጠረጴዛው ላይ ናት። ሙሪየል ያመጣችውን የፖም ኬክ አጠገቧ አስቀመጠች። ሚስተር ታንስሊ ወደ መዘውሯ አላዩም። ግድግዳውን፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሰዓት፣ የጫማቸውን ጫፍ አዩ።

«አይቪ፣ ተሳስቼ ነበር» አሉ።

ሙሪየል ኩባያዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ደግሜ አሰብኩበት። ያ ዓይነት ኮከብ… ከጦርነቱ በፊትም ይሠራ ነበር። በጣም በፊት። የአያቱ መሆን ይችላል። እንዲያውም የአያቱ ነው።»

ጆሯቸው እንደ ባቡር መብራት ቀልቷል። ሙሪየል በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህ ሰው ሲዋሽ ሰምታ አታውቅም፤ ገበያ መሐል ራቁቱን ያየችው ያህል ዓይኗን ሰበረች። ባሏ በእውነቱ ሲያሳፍራት ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ለሰው ብሎ እውነቱን ሲጥል ማየቱ ከሁሉ ባሰባት። ልታስቆመው ፈለገች፤ እንዴት እንደምታስቆመው ግን አላወቀችም።

አይቪ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብለው ሁለቱም ሲነሱ፣ ሳቅ ነው።

«ሆራስ፣ ውሸት እኮ አልፈጠረብህም! ስማኝ፤ ይቺን መዘውር ሲሪል ኒዋርክ ገበያ ሲገዛት ኮቱን ይዤለት ቆሜያለሁ። ቤት እስክንደርስ የአባቱ ሆነች። ለገና በዓል ደግሞ የአያቱ። እኔም ዝም አልኩ፤ ሲያወራት ደስ ይለው ነበራ!»

«ግን እኮ በኔ የተነሳ ሳትቀበር…»

«ግላዲስ ናት ልትቀብራት የፈለገችው። እኔማ ምን ምክንያት ሰጥቼ ላስቀራት ብዬ ስንቆራጠጥ ነበር። አንተ ያንን ስትለፈልፍ፣ የአያቱ ካልሆነችማ ብዬ አነሳኋት።» ኬኩን ቆረሰች። «ሲሪል ሁልጊዜ፣ ስሞት ታንስሊን ከሣጥኔ አርቁት ይል ነበር። አልሰማሁትም። እንኳን አልሰማሁት።»

ሚስተር ታንስሊ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አሁን እውነቱን ንገረኝ» አለች አይቪ መዘውሯን ወደሳቸው ገፍታ። «ዕቃው ምን ይላል?»

ሰውየው ሙሪየልን አዩ፣ ልጅ እናቱን እንደሚያይ። ሙሪየል ራሷን ነቀነቀች። ያኔ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መስኮቱ ዘንድ ሄዱ።

«ኮከቡ በማሽን የተቆረጠ ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ ያልኩት ልክ ነው… ይቅርታ። ከሁለቱ መያዣዎች አንዷ ቀንድ ናት። ይቺኛዋ ግን ተተክታ ነው። አጥንት ናት። ከቢላ እጀታ የተጠረበች።»

«የዳቦ ቢላዬ!» አይቪ ጠረጴዛውን መታች። «የጎረቤት ሴትዮ ተውሳ አስቀረችብሽ ብሎኝ! እስክትሞት አኩርፌያታለሁ!»

ሦስቱም ሳቁ። ሚስተር ታንስሊ መዘውሯን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉ። ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ሲሪል ግራኝ ነበር?»

«ኧረ አልነበረም።»

«እዚህ ጋ ጠርዙ ተበልቷል፣ አየሽ? ክሩ በውሃው ሲሄድ በአውራ ጣት ያዝ የሚደረግበት ነው። የተበላው በግራ አውራ ጣት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዘንጉን በግራው ነው የያዘው። ቀኝ እጁ ምን ሲሠራ እንደኖረ አይገባኝም።»

አይቪ የገዛ እጇን አየች።

«በቀኙ እኔ ነበርኩ የምቀመጠው» አለች። «እጄን ይዞ።»

ሚስተር ታንስሊ መነጽራቸውን አወለቁ። መዘውሯን አምጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት፣ አውራ ጣቷን ቀስ አድርገው የተበላው ጠርዝ ላይ አሳረፉላት። አይቪ ዓይኗን ጨፈነች። ሙሪየል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አሁንም አፍራለች፤ በሳቸው ግን አልነበረም፣ በራሷ ነው። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያይ የኖረውን አንድ ቀን እንኳ፣ ምን አየህ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

ሲወጡ መሽቶ ነበር። ክንዳቸውን ያዘችና ጥቂት ሄዱ። ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ ሚስተር ታንስሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙሪየል…»

«ምነው?»

«አይቪ መደርደሪያዋ ላይ ያ ሰዓት አለ አይደል? የአያቴ ነበር የምትለው…»

«ሆራስ!»

«እሺ። እሺ፣ ዝም ብያለሁ።»

ድልድዩን ተሻገሩ። በወዲያኛው በኩል ሙሪየል ቆመች፣ ግራ ቀኝ አይታ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠች፣ ወደ ጆሯቸውም ጠጋ አለች።

«እና» አለቻቸው፣ «የመቼ ነው?»