ቀዳዳው ገቢ ይደረግ

ሌሊቱን በሕልሜ ሥራ ገባሁ። በቢሯችን የቆርቆሮ አጥር ላይ፣ ከዋናው በር አራት ሜትር ርቆ፣ ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። ድሮ ቀያሽ ስለነበርኩ ሳልለካ የማለፍ ልማድ የለኝም። ሜትሬን አወጣሁ። ወርዱ ስድሳ ሁለት፣ ቁመቱ መቶ ሰባ ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከሥሩ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ከላዩ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል።

ቀዳዳውን አውቀዋለሁ። የከተማችን የቤት ይዞታ ፋይል ሁሉ የሚከፈተው በቢሯችን ኮምፒውተሮች ላይ ባለው ብሮውዘር ነው፤ ሃያ ስድስቱን ኮምፒውተሮች የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። በብሮውዘሩ ላይ የውጭ ሰው ሾልኮ ገብቶ ፋይል የሚቀይርበት ክፍተት መገኘቱን ሠሪዎቹ ራሳቸው ያስታወቁት ኅዳር ሦስት ቀን ነው። መድፈኛውን አፕዴትም በዚያው ቀን በነጻ ለቀዋል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ኅዳር አራት ፈቃድ የጠየቅኩበት ደብዳቤ ይኸው አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ መልስ አላገኘም። ይህ ሕልም አይደለም። በሕልሜ የተጨመረው ምንጣፉና ጨርቁ ብቻ ነው።

በበሩ በኩል ባለጉዳዮች ጫማቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። የጥበቃ ሠራተኛው ጋሽ ወልደሰንበት አንድ በአንድ ይፈትሿቸዋል። ተራዬ ሲደርስ የላፕቶፔን ቁጥር መዘገቡ፤ ቀጥለው የቁልፌን ጥርሶች ቆጥረው መዘገቡ።

«አፍህን ክፈት» አሉኝ።

«ደግሞ ለምን?»

«በስንት ጥርስ እንደገባህ ካልጻፍኩ በስንት ጥርስ እንደምትወጣ በምን አውቃለሁ?»

አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ሲቆጥሩ ሱፍ የለበሱ ሰዎች በቀዳዳው በኩል እያጎነበሱ ይገባሉ። አንዱ ለጋሽ ወልደሰንበት እጅ ነሳ፤ እሳቸውም አጸፋውን መለሱ።

«እነዚያንስ አይፈትሿቸውም ጋሼ?»

«የትኞቹን?»

«በቀዳዳው የሚገቡትን።»

«እኔ የተቀጠርኩት ለበር ነው ልጄ። የቀዳዳ ጥበቃ የሚባል የሥራ መደብ አለ እንዴ? ካለ ንገረኝና ላመልክት፤ ከዚህኛው ሳይሻል አይቀርም።»

ሠላሳ አንድ ብለው ጻፉና ለቀቁኝ። ያሉኝ ጥርሶች ሠላሳ ናቸው፤ ግን የሚሰማኝ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ የወረፋ ቁጥር ይዘው ቆመዋል። ከመስኮቶቹ ወዲያ፣ በባልደረቦቼ ወንበር የተቀመጡት በቀዳዳው የገቡት ሰዎች ናቸው። «ቀጣይ» ይላሉ። ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ የይለፍ ቃሉን ይነግራቸዋል፤ እነሱም ወረቀቱ ላይ ማኅተም መትተው ያሰናብቱታል። አንዷ የይለፍ ቃሏን ረስታ ስለነበር «ነገ ተመለሺ» ተባለች። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

ወዲያው ከመዝገብ ቤቱ ሁለት ሰዎች አረንጓዴ የብረት በር ተሸክመው ብቅ አሉ። በሩን ከታች በኩል በመጨራመቱ ለየሁት። የጎረቤቴ የእትዬ ባፈና የግቢ በር ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እትዬ ባፈና በዚህ ዓለም ያላቸው ነገር ያቺ ቤት ብቻ ናት። እሳቸውም ከበሩ ኋላ ኋላ እየተከተሉ መጡ።

«ልሳኔ፣ በሬን ይዘውት ሄዱ እኮ» አሉኝ።

ከሱፍ ለባሾቹ ክራባት ያሰረው በትሕትና ጎንበስ አለላቸው። «እማማ፣ ፋይልዎን ያገኘነው ተከፍቶ ነው። እኛ የሰበርነው ነገር የለም። ደግሞ አንቸኩልም። አሁን በሩን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ማድ ቤቱን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑን ከነመኝታ ቤቱ እንወስዳለን።»

«እኔስ የት ልደር?»

«እሱን እንኳ ይህን ልጅ ይጠይቁት። ኮምፒውተሩን የያዘው እሱ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ተኩል ይላል። ቀዳዳው ካልተደፈነ እትዬ ባፈና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። መድፈኛው ያለው ንብረት ክፍል ነው። ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩና ሦስተኛ ፎቅ ደረስኩ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ዘርጋው ጠረጴዛቸውን ጣሪያው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። መድፈኛው አጠገባቸው ከነላስቲኩ ተጣጥፎ ይታየኛል።

«ይኸውልህ ልሳነወርቅ፣ ከመጣ አሥራ አንድ ሳምንቱ» አሉ። «አቧራ እንዳይነካው በየጠዋቱ እወለውለዋለሁ።»

«ይስጡኝ፣ የሰው ቤት እየሄደ ነው።»

«አሮጌውን ገቢ አድርገሃል?»

«የምን አሮጌ?»

«ቀዳዳውን ነዋ። አዲስ ዕቃ ወጪ የሚሆነው አሮጌው ሲመለስ ነው። ባለፈው መጥረጊያ ስትወስድ አሮጌውን አልመለስክም?»

«መልሻለሁ። ቀዳዳ ግን ዕቃ አይደለም አቶ ዘርጋው። ዕቃ የሌለበት ቦታ ነው።»

መዝገባቸውን ገለጡ። «ቀዳዳ፣ አንድ። ወርድ ስድሳ ሁለት፣ ቁመት መቶ ሰባ። ሁኔታው፦ በጥሩ አገልግሎት ላይ ያለ።» ከዚያ ቁልቁል አዩኝ። «በጥሩ አገልግሎት ላይ ያለ ዕቃ ይቀየርልኝ ማለት ራሱ ያስጠይቃል። ዝም ያልኩህ ስለማውቅህ ነው።»

ምን ላድርግ? የቆርቆሮ መቀስ ይዤ ሄድኩ። በቀዳዳው ዙሪያ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ጨምሬ ቆረጥኩና ተሸክሜው መጣሁ። አቶ ዘርጋው እጃቸውን በመሐሉ አሳለፉ።

«ይሄ ቆርቆሮ ነው። ቀዳዳው የታለ?»

«መሐሉ ላይ።»

«መሐሉ ላይ ምንም የለም።»

«ቀዳዳ ማለት እሱ ነው።»

«እንግዲያው አጥሩ ላይ አሁንም ያለው ምንድን ነው? ሁለት ቀዳዳ ልታስመዘግበኝ ነው? ሂድና ዋናውን አምጣ።»

ተመልሼ ለካሁ። የአጥሩ ቀዳዳ ወርዱ ሰባ ሁለት ሆኗል። ደግሜ ቆረጥኩ። ዋናው ይህ አይደለም ተባልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ቆረጥኩ። በአራተኛው ሱፍ ለባሾቹ ማጎንበስ ትተው ነበር። በሰባተኛው ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይገቡ ጀመር፤ ክራባት ያሰረው እንዲያውም የቆርቆሮውን ጫፍ ያዘልኝና «ብርታቱን ይስጥህ» አለኝ። ለስድስት ደቂቃ ሥራ ፈቃድ ተከልክዬ ለሰዓታት ሳጠፋ ግን ማንም ፈቃድ አልጠየቀኝም። በሃያኛው የቀዳዳው ወርድ ሁለት ሜትር ከስድሳ ሁለት ደረሰ። አይሱዙ ገባና የእትዬ ባፈናን ማድ ቤት ጭኖ ወጣ።

እትዬ ባፈና ከአጥሩ ሥር በአንዲት ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ልሳኔ፣ ይህን የምትቆርጠው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ደንቡ ነው እትዬ።»

«የማን ደንብ?»

አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ በየቢሮው ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ይህን ጥያቄ አልጠየቅኩም። መቀሱን ወረወርኩት። ሰዓቱ ለዘጠኝ ስድስት ጉዳይ ነበር። ደረጃውን በአንድ ዝላይ ወርጄ ጣሪያው ላይ ወጣሁና መድፈኛውን ከአቶ ዘርጋው እጅ ነጠቅኩ።

«ሳትፈርም?» አሉ። ድምፃቸው የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር። «ስንት ቀን የወለወልኩትን?»

መድፈኛውን አጥሩ ላይ ዘረጋሁት። ለስድሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር የተሠራ ነገር ለሁለት ሜትር ከስድሳ ሁለት እንዴት እንደበቃ አላውቅም፤ ለካሁት፣ በቅቷል። ዳርና ዳሩን በመዳፌ ተጭኜ ስድስት ደቂቃ ቆጠርኩ፤ ከአጥሩ ጋር አንድ ቆርቆሮ ሆነ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሱፍ ለባሾቹ ሳሎኑን በትከሻቸው ተሸክመው ከውስጥ መጡና ከቆርቆሮው ጋር በግንባራቸው ተጋጩ።

«ይህ ሕገ ወጥ ነው» አለ ክራባት ያሰረው ከወዲያ በኩል። «አስቀድሞ ማስታወቂያ አልወጣም። ተጠቃሚዎችን ያላማከለ አሠራር ነው።» ሳሎኑን አስቀምጠው አቤቱታ ለማቅረብ ሲሰለፉ ሰማሁ።

እትዬ ባፈና ከዱካው ተነሡ።

«ተደፈነ?»

«ተደፈነ እትዬ።»

አላመኑኝም። ጠጋ ብለው ቆርቆሮውን በጣታቸው አንኳኩ። አሁንም አንኳኩ። ማንኳኳታቸውን አልተዉም።

ነቃሁ። እሑድ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። የሚንኳኳው የእኔ የግቢ በር ነበር። ስከፍት እትዬ ባፈና ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ከመንገዱ ማዶ አንድ የማላውቀው ሰው መኪናውን አቁሞ የእሳቸውን አጥር በርምጃ ይለካል።

«ይሄ ሰውዬ ቤቱ የኔ ነው ይለኛል» አሉ። «ካርታው ይኸው ብሎ ይህን ሰጠኝ። ከእናንተ ቢሮ የወጣ ነው አለ። እስቲ አንብበው ልሳኔ።»

ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። ማኅተሙ የእኛ ነው። ስፋቱ መቶ አርባ ሁለት ካሬ ሜትር ይላል፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሜትር ይዤ የለካሁት እኔ ነኝ። የተለወጠው የባለይዞታው ስም ብቻ ነው። የተለወጠበት ቀን ታኅሣሥ ሁለት ነው፤ ደብዳቤዬ ከገባ በሃያ ስምንተኛው ቀን።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ልኩ ትክክል ነው» አልኳቸው።