የ«አት» እና የ«ስጧት» መንገድ

እማዋይሽ ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየች። የተቆራረጠ መስመር ስትቀጥል አድራ ነበር፤ እንዲህ ላደረ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ሰዓት አይመርጥም። ሥራዋ አንድን ሆስፒታል ከክፍለ ሀገር ክሊኒኮቹ ጋር የሚያገናኙትን ሦስት የኢንተርኔት መስመሮች መምራት ነው። ይኼ በፋይበር ይሂድ፣ ያ በሞባይል ኔትወርክ፣ የቀረው በሳተላይት ትላለች።

በሕልሟ አንድ አደባባይ መሃል ቆማለች። ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል፤ አላፊ አግዳሚው ጃንጥላውን ዘቅዝቆ እላዩ ላይ ቆሟል። መልእክቶቹ እግራቸውን አነባብረው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የተሰለፉት መንገዶቹ ናቸው። «እባካችሁ በእኛ ላይ ሂዱ» እያሉ ይለምናሉ። ነጭ ቆብ የደፋ አህያ ፊሽካውን እየነፋ ያስተናብራቸዋል።

ከሰልፉ ፊት ፋይበር ነበር፤ ከራስ እስከ እግሩ መስታወት የለበሰ ጎረምሳ። አንድ ሆዳም የሰርግ ቪዲዮ ከነሚዜዎቹ አዝሎ ይንጎራደዳል። ከኋላው የሞባይል ኔትወርክ ቆማለች፤ ለፍላፊ ሴት።

«እህቴ፣ እኔ እያለሁልሽ ምን አሳሰበሽ? አሁኑኑ እወስድ...» አለችና ከወገቧ በላይ ጠፋች። እግሮቿ ብቻ ቀሩ።

መጨረሻ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ደመና ላይ ተቀምጠዋል። ሳተላይት ናቸው።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?» አለቻቸው እማዋይሽ። ዝም አሏት።

በዚህ መሃል ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። ባልየው አጭሩ «አት» ነው፤ ሚስቲቱ ረጅሟ «ስጧት»። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሐኪም ቃል ናቸው። ጅማ ክሊኒክ ምጥ ላይ ያለች እናት አለች፤ ነርሷ ሲስተር ዘምዘም «መድኃኒቱን እንስጣት ወይ?» ብላ ጠይቃለች። መድኃኒቱ ለዚያች እናት መርዝ ስለሆነ ሐኪሙ «አትስጧት» ብሎ መልሷል።

አህያው ፊሽካውን ነፋ። «እኩል! እኩል! ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ! መጨናነቅ ክልክል ነው!»

«ጌታዬ፣ እነዚህ እኮ አንድ ቃል ናቸው!» አለች እማዋይሽ። «ከተለያዩ ሰው ይሞታል!»

«ሰው ስለሆንሽ ነው የማይገባሽ፤ አልፈርድብሽም» አላት አህያው በሐዘኔታ። ባልና ሚስቱንም አለያይቶ ስጧትን ጎረምሳው ጫንቃ ላይ ወረወራት። ዓይን ሳይርገበገብ ጅማ ገባች።

ጅማም ከአደባባዩ ማዶ፣ እንደ ጎረቤት መስኮት፣ ወለል ብሎ ታየ። «ስጧት!» የሚል ድምፅ አስተጋባ። ሲስተር ዘምዘም «ኧረ ተመስገን፣ መልስ መጣ!» ብላ መርፌውን አነሳች።

አት መሃል አደባባይ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እማዋይሽ ብድግ አድርጋ ለፍላፊዋ ሴት ጀርባ ላይ ልታስቀምጠው ስትል ጀርባው የለም፤ አት ዘጭ ብሎ ወደቀ። እያነከሰ ሲነሳ እጁን ይዛ ወደ ሽማግሌው ሮጠች።

«አባባ፣ ይህን ሰውዬ ጅማ ያደርሱልኛል?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ሽማግሌው።

«ቸኩለናል አባባ! መርፌው ሊወጋ ነው!»

«ጅማ? አዎ፣ አደርሰዋለሁ እንጂ፤ ምን ገዶኝ።»

«እንግዲያው ይነሱ!»

«ልጄ፣ ችኮላ ለማን በጀ?»

ማዶ ሲስተር ዘምዘም የእናትየዋን ክንድ በጥጥ ስትጠርግ ታየቻት። እማዋይሽ የሽማግሌውን ጋቢ ጨምድዳ ይዛ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ጮኸች፦

«የሚጠየቁት ሌላ፣ የሚመልሱት ሌላ! ካልቻሉ ለሚችል ይልቀቁ!»

በገዛ ጩኸቷ ባነነች።

የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ናት። ጉንጯ ጠረጴዛው ላይ ተለጥፏል፤ ማይክራፎኑ ከአፏ ሥር በርቷል። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ክሊኒኮቹ ሁሉ ተደርድረው ያዩአታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይቆራረጥ ያለቀ ስብሰባ አልነበረም። ትናንት ግን፣ የአምላክ ያለህ፣ ምስሉ አልተንቀጠቀጠም፣ ድምፁ አልዘገየም።

«እዚህ ጅማ ጥርት ብሎ ይሰማል!» አለች እውነተኛዋ ሲስተር ዘምዘም፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና።

እማዋይሽ ቀስ ብላ ቀና አለች። ከፊት ለፊቷ፣ ጥያቄ ሲመልሱ የቆዩት ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርጋው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀርተዋል። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና በከረባታቸው ጠረጉት።

«እሺ» አሉ። «ለማን ልልቀቅ?»