የማኪናዋ ድሬሰር፣ አያ አንዳርጋቸው

በልጅነቴ ከአይከል ወደ ጎንደር የሚመላለሰው አውቶቡስ ገና ከሩቁ ይሰማ ነበር። መስኮቶቹ ይንቀጫቀጫሉ፤ ወንበሮቹ ያቃስታሉ፤ የናፍጣው ሽታ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይደርሳል። ያኔ የማኪና መንቀጥቀጥ ሕመም ነው ብሎ የነገረን አልነበረም። ፈረስ ያሽካካል፤ ማኪና ይንቀጠቀጣል፤ በቃ።

ዛሬ ግን ዘመኑ ሌላ ነው። ማኪና ድምፅ ባሰማች ቁጥር ከተሳፋሪው መካከል አንድ ሰው እጁን ያነሣና «እስቲ ዝም በሉ! ትሰማላችሁ?» ይላል። ያለ ፍሬን ከጎንደር የወጣች ማኪና ትኖር ይሆናል፤ ያለዚህ ሰው የወጣች ግን የለችም። ሰውየው ማኪና የለውም፤ መንዳትም አይችል። ስለዚህ በማኪና ነገር ተሳስቶ አያውቅም።

የእኛ የጎንደር ቁስቋሞቹ ሊቀ ጠበብት፣ መጋቤ መንኰራኵር፣ ጎረቤታችን አያ አንዳርጋቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በሽተኛ ሲያጡ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ማኪና አዞሩ፤ ዘዴያቸውን ግን አልለወጡም። መዳፋቸውን ኮፋኖው ላይ ያሳርፋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ ሾፌሩን እንደ አስታማሚ ይጠይቁታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ጧት ነው ማታ የሚብስባት? ነዳጅ ከቀመሰች በኋላስ?»

አንድ ጊዜ ወደ ሳንጃ ስንሄድ «የኋላ ቀኝ እግሯ ይጮኻል» ብለው አውቶቡሱን በረሃ ላይ አስቆሙት። ጎማው ተፈታ፤ ታየ፤ ተመልሶ ታሰረ። ለካስ ከወንበር ሥር የታሰረች ዶሮ ጣሳ እየጠቀጠቀች ኖሯል። ተሳፋሪው ሲስቅ አያ አንዳርጋቸው ፈገግም አላሉ።

«ዶሮዋ ሸፈነችብን እንጂ እግሯስ ታማለች» አሉ።

እኚህ ጀግና ከነፋስ በቀር የሚፈሩት ነገር የለም። የአገራችን መንገደኛ ሁሉ ነፋስ ይፈራል፤ በጠራራ ፀሐይ እየተቀቀለ «ዝጋው!» ይላል። የእሳቸው ግን ልዩ ነው። በአንድ መስኮት የገባ ነፋስ ጉንፋን ነው፤ «ከሁለት ወገን የመታ ነፋስ ግን መርፌም አይመልሰው» ይላሉ። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ «ከፊት ካልሆንኩ ትንፋሿ አይሰማኝም» ባይ ናቸው። መስኮታቸውን ጥርቅም አድርገው ይዘጉና በጋቢ ይጠቀለላሉ።

ታዲያ ባለፈው መስከረም ከባድ ጉዳይ መጣ። የእኅቴ የአስናቀች ልጅ ሥርጉት በክረምቱ መግቢያ አይከል ላይ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። አስናቀች ለአራስ ጥየቃ በልጇ በታሪኩ ማኪና ተነሥታ ነበር። ማኪናዋ እንደ አዳራሽ የሰፋች፣ ጋራ የማይበግራት ናት። ግን ፍጥነት ስትጨምር ከመሪ እስከ ወንበር ትርገፈገፋለች፤ የኋላ መስኮት ሲከፈት ደግሞ ውስጧ እንደ ከበሮ «ድም፣ ድም፣ ድም» እያለ ጆሮ ይደበድባል። አስናቀች የቆየ የራስ ሕመም አለባት፤ መስኮት ካልተከፈተላት ደግሞ ያስታውካታል። ከመንገድ አጋማሽ ላይ ራሷን በነጠላዋ አስራ ተመለሰች። የልጅ ልጇን ሳታይ ቀረች። አሁን የልጅቱ ክርስትና እሑድ ነው፤ ክርስትና ደግሞ ቀን አይለውጥም።

«አልሄድም» አለች። «ደረስኩ ብዬ ከደጇ ብወድቅ ለሥርጉት ሌላ ጣጣ ነው። ፎቶዋን ታመጡልኛላችሁ።»

ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኅቴን አውቃታለሁ፤ ፊቷን የምታዞረው ስታለቅስ ነው።

ሐሙስ ጧት አያ አንዳርጋቸው ሳይጠሩ መጡ፤ ሐኪም ለምን ይጠራል?

«ቀስ ስትል ትንቀጠቀጣለች?» ብለው ጀመሩ።

«የለም፣ አያ። ሰማንያ ስትገባ ነው» አለ ታሪኩ።

«ፍሬን ስትይዝ ይብሳል?»

«አይብስም።»

«እንግዲያ ራሷ ነው» ብለው በጣሪያው ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላውን፣ አስወረዱ። እስከ አዘዞ ሄደን ተመለስን፤ ትርገፈገፋለች። «ልቧ ነው» ብለው የሞተሩን ማሰሪያ አስጠበቁ፤ ትርገፈገፋለች። ታሪኩ ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ የጎማዎቿን ሚዛን ከክረምት በፊት ማስተካከሉን ቢነግራቸው ተቆጡ።

«አንተ ልጅ፣ ከክረምት በፊት የታጠበ ቁስል ዛሬ ንጹሕ ነው?»

ይህን ሲሉ የራሳቸው ንግግር ለራሳቸው የደረሳቸው መሰለኝ። ጋቢያቸውን መሬት ላይ አነጠፉ። እንደ ምንጣፍ ተኝተውበት ከማኪናዋ ሥር ገቡ። አንድ በአንድ ከየጎማው ጀርባ እጃቸውን እየከተቱ ዳሰሱ። ሲወጡ ጢማቸው አፈር መስሎ፣ በእጃቸው እንደ ሸክላ የደረቀ ጥቁር ጓል ይዘዋል። ታሪኩ በክረምት ሲመላለስበት የከረመው፣ ወደ ሥርጉት ቤት የሚያስገባው መንገድ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ጭቃው በአንደኛው ቸርኬ ውስጥ በአንድ ወገን ተጋግሮ ደርቆ ኖሯል። ታሪኩ ማኪናዋን በየሳምንቱ ያጥባታል፤ ግን እንደ ማንኛችንም ሰው የሚያየውን ወገን ብቻ ነው የሚያጥበው።

በእንጨት ተፋቀ፤ በውኃ ታጠበ። ማኪናዋ ሰማንያን አልፋ ስትሄድ መሪዋን በሁለት ጣት መያዝ ተቻለ። አያ አንዳርጋቸው ግራ ቀኝ እየተመለከቱ ጭብጨባ ጠበቁ። ያን ጊዜ እኔ ለሙከራ ብዬ ከኋላ መስኮት ከፈትኩ። ድም፣ ድም፣ ድም።

በድሮው የሳይንስ መጽሐፋችን ውስጥ በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ የሚነፋ ልጅ ሥዕል ነበር። አየሩ ከውስጥ ገባ ወጣ እያለ ጠርሙሱን ያስጮኸዋል ይላል። ትዝ ሲለኝ ሥዕሉን ነገርኳቸውና፣ «አያ አንዳርጋቸው፣ አንድ መስኮት ብቻ ስለተከፈተ ነው፤ ከፊት ሌላ በትንሹ ቢከፈት ይተወናል» አልኩ።

የታሪኩ መስኮት ከተበላሸ ቆይቷል፤ አይወርድም። የቀረው የእሳቸው ነው።

«ምነው! ልትገድሉኝ ነው?» አሉ። «ሁለት መስኮት? ከሁለት ወገን? ጠርሙስ የሚነፋ ልጅ ሳንባው ደኅና ነው፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ!»

«እንግዲያ እሑድ ለሌላ ሰው ወንበሩን ይልቀቁ» አለ ታሪኩ።

«ማኪናዋን ማን ሊያዳምጥ?»

ነገሩ በዚህ ተቋጨ። አስናቀችን ግን መርገፍገፉ ቀርቷል ብለን፣ ከበሮውን አድበስብሰን፣ እሑድ በሌሊት ለምነን አሳፈርናት። «አንድ ጊዜ ራሴን ከመታኝ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ» ብላ ከኋላ ተቀመጠች፤ መስኮቷንም ከፈተች። አያ አንዳርጋቸው ከፊት፣ በጋቢ ተጀቡነው፣ ከዓይናቸው በቀር የሚታይ የላቸውም።

አዘዞን አልፈን መንገዱ ሲቃና ጀመረ። ድም፣ ድም። አስናቀች በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። ድም፣ ድም፣ ድም።

«ታሪኩ፣ አቁም።»

«እማ፣ ትንሽ ታገሽ...»

«አቁም አልኩህ! እኔ ለዚህች ልጅ አልታደልኩም፤ ተዉኝ።»

ታሪኩ ፍጥነት መቀነስ ጀመረ። በዚህ መካከል ከጋቢው ውስጥ አንዲት የተጨማደደች እጅ ብቅ አለች። የመስኮቱን ማውረጃ ዳሰሰች፤ ቆመች፤ ተጫነችው። መስታወቱ አንድ ስንዝር ወረደ። የመስከረም ጧት ብርድ ዘው አለ።

ከበሮውም ዝም አለ።

አስናቀች እጇን ከራሷ ላይ ቀስ ብላ አወረደች። «ምን አደረጋችሁት?» አለች። ታሪኩ በኋላ ማያው መስታወት እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ የአያ አንዳርጋቸውን ጀርባ አየሁ። ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ተሰብስቧል። «ትሰማላችሁ?» እንኳ አላሉም። አይከል እስክንገባ ነፋሱ ጉንጫቸውን ሲገርፈው ያቺን መስኮት አልነኳትም። በስንቱ መንገድ ያሰለቹኝ፣ ያስቆሙኝ፣ ያስረፈዱኝ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ሁለተኛ መንገድ ያለ እሳቸው እንዳልወጣ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሥርጉት ቤት ደረስን። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕፃኗ በአስናቀች ጭን ላይ ተቀመጠች። እኅቴ ትንሿን እጅ እያየች ታጥፋትና ትዘረጋት ነበር። ቤቱ በእልልታና በምርቃት ሞላ። ታሪኩ የመስኮቱን ነገር ለእናቱ በጆሮዋ ነገራት። ቀና ብላ አያ አንዳርጋቸውን ፈለገቻቸው፤ ከጥግ ተቀምጠው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አፍንጫቸው ቀልቷል።

«አያ፣ ወዲህ ይምጡ እንጂ» አለች። «ይችን ሸጋ ልጅ ይቀፏት። ከእናቷና ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው ለእርስዎ ነው።»

ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አያቸው። ተነሥተው መጡ፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ወዲያው ግን ቆም አሉ፤ ሊያስነጥሳቸው ሲል ፊታቸው ተኮማተረ። እጃቸውን መልሰው ሰበሰቡ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ አፍና አፍንጫቸው ላይ ጫን አድርገው፣ ከሕፃኗ ፊታቸውን አዙረው፣ ደኅና ዋሉም ሳይሉ በሩን ከፍተው ወጡ።